የሚሊንግ ማሽን ፍጥነት አሰላልና የነጋዴው ድርሻ

በኮምፒዩተር የሚታዘዝ የሚሊንግ ማሽን ከውጭ የሚያስመጣ ነጋዴ፣ የብረት መቁረጫዎችን በመደብሩ የሚሸጥ ባለሱቅ፣ እንዲሁም የፕላስቲክ ዕቃ ማውጫ ሞልድ በአገር ውስጥ አሠርቶ ከውጭ ከሚመጣው ጋር ለመወዳደር የሚያስብ አምራች፣ ሦስቱም አንድ ጥያቄ ይገጥማቸዋል። ይኸውም መቁረጫው በደቂቃ ስንት ጊዜ ይዙር፣ በብረቱስ ላይ በምን ፍጥነት ይጓዝ የሚለው ነው። ጥያቄው ሲያዩት የባለሙያው እንጂ የነጋዴው አይመስልም። ነገር ግን መልሱ ሥራው የሚፈጀውን ሰዓት፣ የሚያልቀውን የመቁረጫ ብዛትና በመጨረሻ የሚከፈለውን ገንዘብ የሚወስን ስለሆነ፣ ሒሳቡን የማያውቅ ነጋዴ የሌላ ሰው ግምት ከፋይ ሆኖ ይቀራል። ደግሞም ከዚህ በታች እንደሚታየው፣ አስመጪው በመቁረጫው ላይ የሚቆርጠው ዋጋ ራሱ በዚሁ ሒሳብ ውስጥ ከሚገቡት ቁጥሮች አንዱ ነው። ሒሳቡም ቢሆን የሚያስፈራ አይደለም፤ የባንክ ወለድ ማስላት የለመደ ሰው ያለ ችግር ይሠራዋል።

በቶርኖ ላይ የሚዞረው ብረቱ ሲሆን ስለቱ ቆሞ ይጠብቀዋል። በሚሊንግ ማሽን ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ብረቱ በጠረጴዛው ላይ ታስሮ ይቀመጥና ዙሪያውን ጥርስ ያለው መቁረጫ እየዞረ ይልጠዋል፤ ጠረጴዛው ወይም መቁረጫው በቀስታ ሲጓዝም እያንዳንዱ ጥርስ በተራው ከብረቱ ላይ ቀጭን ፍቅፋቂ ያነሣል። በእጅ በሚሠራው ማሽን ይህን ጉዞ የሚመራው መዘውሩን የያዘው ባለሙያ ነው። እጁ ክብደቱን ይሰማዋል፣ ጆሮው ጩኸቱን ይለያል፣ ዓይኑ የፍቅፋቂውን ቀለም ይመለከታል፤ ነገሩ መበላሸት ሲጀምርም እጁን ያላላል። እ.ኤ.አ. በ1952 ዓ.ም. በአሜሪካ የሚገኘው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በቁጥር የሚታዘዝ የሚሊንግ ማሽን አሠርቶ አሳየ። ለሐሳቡ መነሻ የሆነው ጆን ፓርሰንስ የተባለ የሄሊኮፕተር ክንፍ አምራች ነበር። በዚያ መንገድ በተሠሩት ማሽኖች ላይ የባለሙያው እጅ ከመዘውሩ ተነሥቷል።

በዛሬው ማሽን ትእዛዙ የሚሰጠው በጽሑፍ ነው። «ኤስ» ከሚለው ፊደል ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር በደቂቃ የሚዞረውን ዙር፣ «ኤፍ» ከሚለው ፊደል ቀጥሎ የሚጻፈው ደግሞ የጉዞውን ፍጥነት ያመለክታል። ኮምፒዩተሩ የታዘዘውን አንዲት ሳያጓድል ይፈጽማል፤ የታዘዘው ትክክል መሆኑን ግን አይመረምርም። በመሆኑም ቀድሞ እጅ በሥራው መካከል ያርመው የነበረውን ስሕተት አሁን እርሳስና ወረቀት አስቀድመው ሊያርሙት ይገባል።

ከሒሳቡ ቁጥሮች የመጀመሪያው የመቁረጥ ፍጥነት ይባላል። ይህም የስለቱ ጫፍ በአንድ ደቂቃ ውስጥ በብረቱ ላይ የሚጓዘው ርቀት ነው፤ የሚለካውም በሜትር ነው። የጋሪ ጎማን ያስተዋለ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ትልቁ ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ ትንሹ ጎማ ያንኑ መንገድ ለመሄድ ብዙ ጊዜ መዞር አለበት። መቁረጫውም እንዲሁ ነው። ብረቱ የሚሰማው የዙሩን ብዛት ሳይሆን በላዩ የሚያልፈውን ርቀት ስለሆነ፣ የመቁረጫውን ዲያሜትር ሳይናገሩ «ይህ ማሽን አረብ ብረት በስንት ዙር ይቆርጣል?» ብሎ መጠየቅ፣ የጨርቁን ወርድ ሳይናገሩ ለአንድ ቀሚስ ስንት ሜትር ይበቃል እንደ ማለት ነው።

ለመነሻ ያህል ለስላሳ አረብ ብረት ሃይ ስፒድ ስቲል በሚባለው መቁረጫ ሲሠራ በደቂቃ 25 ሜትር ገደማ፣ በካርባይድ መቁረጫ ሲሠራ ደግሞ 100 ሜትር ገደማ ይያዝለታል። አሉሚኒየም በካርባይድ 300 ሜትርና ከዚያም በላይ ይችላል። የማይዝግ ብረት ግን ሙቀትን ቶሎ ስለማያስተላልፍና ሙቀቱ በስለቱ ጫፍ ላይ ስለሚከማች፣ ከለስላሳው ብረት ዝቅ ባለ ፍጥነት መሠራት አለበት። ዝርዝሩ በየአምራቹ ካታሎግ ታትሞ ይገኛል።

ከዚህ ፍጥነት ላይ የዙሩን ብዛት ለማግኘት በሜትር የተሰጠውን ፍጥነት በ1,000 አባዝቶ ወደ ሚሊሜትር መለወጥ፣ የተገኘውንም ለመቁረጫው ዙሪያ ማካፈል ነው። የመቁረጫው ዙሪያ ዲያሜትሩ በ3.1416 ሲባዛ የሚገኘው ነው። ዲያሜትሩ 10 ሚሊሜትር የሆነ የካርባይድ መቁረጫ በደቂቃ 100 ሜትር እንዲቆርጥ ቢፈለግ፣ 100,000 ለ31.416 ሲካፈል 3,183 ዙር ይሆናል። ያው መቁረጫ የሃይ ስፒድ ስቲል ቢሆንና በ25 ሜትር ቢሠራ ዙሩ 796 ብቻ ነው።

ሁለተኛው ቁጥር እያንዳንዱ ጥርስ ባለፈ ቁጥር ከብረቱ ላይ የሚያነሣው ውፍረት ነው። ለተጠቀሰው መቁረጫ በለስላሳ ብረት ላይ 0.05 ሚሊሜትር ተገቢ መነሻ ነው። የጉዞው ፍጥነት የሚገኘው የዙሩ ብዛት፣ የጥርሱ ብዛትና ይህ ውፍረት ሲባዙ ነው። መቁረጫው 4 ጥርስ ካለው፣ 3,183 በ4፣ ያም በ0.05 ሲባዛ በደቂቃ 637 ሚሊሜትር ይሆናል። እንግዲህ «ኤስ 3183» እና «ኤፍ 637» የሚሉት ሁለት ትእዛዞች ከየት እንደ መጡ ታወቀ ማለት ነው።

አሁን ወደ ገበያው ቋንቋ እንመልሰው። አንድ ደንበኛ ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 80፣ ጥልቀቱ 30 ሚሊሜትር የሆነ ጉድጓድ በብረት ሞልድ ላይ እንዲቆፈርለት ጠየቀ እንበል። የሚወጣው ብረት 288,000 ኪዩቢክ ሚሊሜትር ነው። መቁረጫው በአንድ ጉዞ 5 ሚሊሜትር ጥልቀትና 5 ሚሊሜትር ወርድ ቢወስድ፣ በደቂቃ 637 ሚሊሜትር ሲጓዝ 15,900 ኪዩቢክ ሚሊሜትር ገደማ ያወጣል። ስለዚህ ሻካራው ቁፋሮ 18 ደቂቃ ይፈጃል። በሃይ ስፒድ ስቲሉ መቁረጫ፣ ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ ያው ቁፋሮ 72 ደቂቃ ይወስዳል። ብረቱን ማሰሪያው፣ ማለስለሻውና መለኪያው ጊዜ የሚጨመርበት ቢሆንም፣ ለዚህ ቁፋሮ የግማሽ ቀን ዋጋ የሚጠይቅ ሠሪ ቢያጋጥም ደንበኛው ምን ብሎ እንደሚጠይቀው ያውቃል።

በዚህ ላይ በየሥራ ቤቱ የተለመደ አንድ ልማድ አለ። ባለሙያው መቁረጫው ውድ መሆኑን ስለሚያውቅ እንዳይሰበርበት ይፈራና ጉዞውን ይቀንሳል፤ ዙሩን ግን እንዳለ ይተወዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት ለብዙ ነገር ይሠራል፤ ለሚሊንግ መቁረጫ ግን አይሠራም። የማናቸውም ስለት ጫፍ በጉልህ ማሳያ ቢታይ ጥቂት ክብነት አለው። ጥርሱ እንዲያነሣ የታዘዘው ውፍረት ከዚያ ክብነት ካነሰ፣ ስለቱ ብረቱን መቁረጡን ትቶ በላዩ እየተንሸራተተ ይፍቀዋል። ፍትጊያው ሙቀት ይወልዳል፤ ፍቅፋቂ በብዛት በሚወጣበት ጊዜ አብሮት ይወጣ የነበረው ሙቀትም መውጫ ስለሚያጣ በስለቱና በብረቱ ላይ ይቀራል። የማይዝግ ብረት ሲሆን ደግሞ ፍትጊያው የብረቱን ገጽ ያጠነክረዋል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ጥርስም ከመጀመሪያው የበረታ ብረት ይጠብቀዋል። እንዲህ ተብሎ የተቆጠበው መቁረጫ በአንድ ቀን ዱልዱም ይሆናል። ባለሙያውም «መቁረጫው የማይረባ ነው» ብሎ ወደ ሱቅ ይመልሰዋል፤ ባለሱቁም ወደ አስመጪው፣ አስመጪውም ወደ ውጭው አምራች ይጽፋል። ብዙ የንግድ ክርክር የሚነሣው ከዚህ ነው። ጉዞው መቀነስ ካለበት ዙሩም በዚያው መጠን መቀነስ አለበት፤ የጥርሱ ድርሻ እንዳይጓደል ነው።

መቁረጫው ከጎን ጥቂት ብቻ ሲወስድም የጥርሱ ድርሻ ሳይታወቅ ይቀንሳል። ዲያሜትሩ 10 የሆነው መቁረጫ ከጎን 1 ሚሊሜትር ብቻ ሲልጥ፣ የፍቅፋቂው ከፍተኛ ውፍረት በሒሳብ ከተያዘው 0.6 እጅ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ባለሙያው ጉዞውን ወደ 1.67 እጥፍ ቢያሳድገው ጥርሱ ከተመደበለት አይበልጥም፤ ሥራውም ይፈጥናል።

የፍጥነትና የዕድሜ ዝምድና በሚገባ የተጠናው ፍሬደሪክ ዊንዝሎ ቴይለር በተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። ቴይለር ሙከራውን በፊላዴልፊያ በሚድቬል የብረት ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1880 ዓ.ም. ጀምሮ 26 ዓመት ቀጠለበት። በዚህ ጊዜ ከ800,000 ፓውንድ የሚበልጥ፣ ማለትም 363 ቶን ገደማ ብረት ወደ ፍቅፋቂ እንደ ተለወጠ እ.ኤ.አ. በ1906 ዓ.ም. ለአሜሪካ የሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ባቀረበው ጽሑፍ ገልጿል። ሃይ ስፒድ ስቲል የተባለው የመቁረጫ ብረት አሠራርም የተገኘው ቴይለር ከማንሰል ኋይት ጋር በቤተልሔም የብረት ኩባንያ ባደረገው ሙከራ ነው። ካርባይድ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው፤ የጀርመኑ ክሩፕ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1927 ዓ.ም. በላይፕሲግ ትርዒት «ቪዲያ» በሚል ስም አቀረበው።

የቴይለር ሕግ በአጭሩ ሲነገር፣ ፍጥነት ጥቂት ሲጨምር የስለት ዕድሜ እጅግ ይቀንሳል የሚል ነው። ለካርባይድ እንደ ተለመደው ግምት ፍጥነቱ በ20 በመቶ ቢጨምር የስለቱ ዕድሜ ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ ለሃይ ስፒድ ስቲል ቢሆን ከሩብ በታች ይሆናል። በጉዞውና በጥልቀቱ ላይ የሚደረግ ጭማሪ ግን ዕድሜውን እንዲህ አይጎዳም። ስለዚህ ሥራ ማፋጠን የሚፈልግ ሰው ማሽኑና የብረቱ እስር እስከ ቻሉ ድረስ አስቀድሞ ጥልቀቱን፣ ቀጥሎ የጥርሱን ድርሻ፣ በመጨረሻ ዙሩን ያሳድጋል። የብዙ ሰው ዝንባሌ ግን ከዙሩ መጀመር ነው።

ነጋዴውን ይበልጥ የሚመለከተው ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ለማስላት ያህል ማሽኑ ከነሠራተኛው፣ ከነቤት ኪራዩና ከነመብራቱ በሰዓት 1,500 ብር፣ ማለትም በደቂቃ 25 ብር ያስወጣል እንበል። መቁረጫው ሱቅ ውስጥ 2,000 ብር ይሸጣል፤ በደቂቃ 100 ሜትር ሲቆርጥ 60 ደቂቃ ይቆያል፤ ሲደበዝዝ አውጥቶ ሌላ ለመተካት 5 ደቂቃ ይፈጃል። ከላይ የተጠቀሰው የ18 ደቂቃ ቁፋሮ ምን ያህል ያስወጣል? የማሽኑ ጊዜ 452 ብር፣ ያለቀው የመቁረጫ ዕድሜ 603 ብር፣ የመለወጫው ጊዜ ድርሻ 38 ብር፤ ድምሩ 1,093 ብር ነው። ባለሥራው ቸኩሎ ፍጥነቱን 120 ሜትር ቢያደርገው፣ ጊዜው ወደ 15 ደቂቃ ያጥራል፤ መቁረጫው ግን በ29 ደቂቃ ያልቃል፤ ወጪውም 1,484 ብር ይደርሳል። ወደ 70 ሜትር ቢያወርደው ቁፋሮው 26 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ መቁረጫው 250 ደቂቃ ይቆያል፤ ወጪው 866 ብር ብቻ ይሆናል። አብዝቶ ፈርቶ 40 ሜትር ቢያደርገው ደግሞ መቁረጫው አያልቅም ለማለት ይቻላል፤ ነገር ግን የማሽኑ ሰዓት ይበላዋልና ወጪው ተመልሶ ወደ 1,172 ብር ይወጣል። በዚህ ዝቅተኛ ፍጥነት የተቆረጠው ብረት በስለቱ ላይ እየተጣበቀ ሥራውን ሊያበላሽም ይችላል፤ ያ በሒሳቡ አልገባም።

ከሁሉ የሚያዋጣውን ዕድሜ ለካርባይድ የሚሰጠው አቋራጭ ስሌት እንዲህ ነው። የመቁረጫው ዋጋ ለማሽኑ የአንድ ደቂቃ ወጪ ይካፈላል፤ በውጤቱ ላይ መቁረጫ ለመለወጥ የሚፈጀው ደቂቃ ይጨመራል፤ ድምሩ በ3 ይባዛል። በምሳሌያችን 2,000 ለ25 ሲካፈል 80፣ አምስት ሲጨመርበት 85፣ በ3 ሲባዛ 255 ደቂቃ ነው። መቁረጫው 255 ደቂቃ የሚቆይበት ፍጥነት 70 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ የሚያዋጣው እርሱ ነው።

ይኸው መቁረጫ በሰዓት 6,000 ብር በሚያስወጣ ታላቅ ማሽን ላይ ቢታሰርስ? 2,000 ለ100 ሲካፈል 20፣ አምስት ሲጨመር 25፣ በ3 ሲባዛ 75 ደቂቃ ይሆናል። ለዚህኛው ባለማሽን በ70 ሜትር መሥራት 2,844 ብር ሲያስወጣው፣ በ100 ሜትር ቢሠራ 2,564 ብር ይበቃዋል። ብረቱ አንድ፣ መቁረጫው አንድ፣ ጉድጓዱም አንድ ሲሆን ትክክለኛው ፍጥነት ግን ሁለት ሆነ። በካታሎግ የሚታተመው ፍጥነት ከዚህ አንጻር መነበብ አለበት። አንዳንድ ታላላቅ አምራቾች የሚያትሙት ፍጥነት መቁረጫው 15 ደቂቃ ብቻ እንዲቆይ ታስቦ የተወሰነ ነው። ይህ የማሽን ሰዓትና የሠራተኛ ደመወዝ እጅግ ውድ፣ መቁረጫው ግን ከሱቅ በቀላሉ በሚገኝበት አገር የሚያዋጣ ነው። መቁረጫው በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ የማጓጓዣና የቀረጥ ወጪ ተጨምሮበት በሚደርስበት አገር፣ የማሽኑ ሰዓት ደግሞ በአንጻሩ ርካሽ በሆነበት፣ ካታሎጉን ቃል በቃል መከተል መቁረጫን ያለ ጥቅም ማቃጠል ነው።

አስመጪው በሒሳቡ ውስጥ የሚገባው በዚህ በር ነው። የመቁረጫው ዋጋ ከ2,000 ወደ 1,200 ብር ቢወርድ፣ በመጀመሪያው ምሳሌ የሚያዋጣው ፍጥነት ከ70 ወደ 78 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ የቁፋሮውም ወጪ ከ866 ወደ 770 ብር አካባቢ ይወርዳል። ይህ የሚሆነው ግን የወረደው ዋጋ ብቻ፣ ጥራቱ ያልተለወጠ እንደ ሆነ ነው። በገበያ የሚታየው ርካሽ መቁረጫ ብዙውን ጊዜ ዕድሜውም አብሮ ያጠረ ነው። 2,000 ብር ተሽጦ 60 ደቂቃ የሚቆይ መቁረጫ ደቂቃው 33 ብር ሲሆን፣ 1,000 ብር ተሽጦ 15 ደቂቃ የሚቆየው ደቂቃው 67 ብር ነው። ገዢ በዋጋ ሲከራከር ባለሱቁ ይህን ማካፈል በፊቱ ቢሠራለት ክርክሩ ያጥራል። በተጨማሪም ጥሩ የካርባይድ መቁረጫ በተገቢው ማሽን እንደገና ሊሳል ይችላል፤ ያ ሲሆን የዋጋው ስሌት ይበልጥ ይቀላል።

ወደ ማሽኑ ግዢ ስንመጣ፣ ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው የሞተሩ ጉልበት አጻጻፍ ነው። ለእንጨት፣ ለፕላስቲክና ለስስ አሉሚኒየም የሚሠሩ፣ ራውተር የሚባሉ ማሽኖች በዋጋ ከብረት ማሽኖች በእጅጉ ይረክሳሉ። በማስታወቂያቸው ላይ «3 ኪሎዋት፣ 24,000 ዙር» የሚል ይነበባል። ሻጩ አልዋሸም፤ ሞተሩ 3 ኪሎዋት የሚሰጠው ግን በ24,000 ዙር ሲሽከረከር ነው። ያ ዙር በ10 ሚሊሜትር መቁረጫ በደቂቃ 754 ሜትር ማለት ስለሆነ፣ በአረብ ብረት ላይ ቢሞከር ስለቱ ወዲያው ይቃጠላል። ዙሩ ወደሚፈለገው 3,183 ሲወርድ ደግሞ የዚህ ዓይነት ሞተር ጉልበት በዚያው መጠን ይወርድና 0.4 ኪሎዋት ብቻ ይቀራል። ከላይ የተሰላው ቁፋሮ በመቁረጫው ጫፍ ላይ ብቻ 0.53 ኪሎዋት ገደማ ይጠይቃል። እንግዲህ በወረቀት ላይ ከበቂ በላይ የመሰለው ማሽን በሥራ ላይ አይበቃም። በማራገቢያ የሚቀዘቅዝ ከሆነም ማራገቢያው ከዘንጉ ጋር ስለሚዞር፣ ዙሩ ሲቀንስ ነፋሱም ይቀንሳል፤ ሞተሩም ይግላል።

የተገላቢጦሹም አለ። ከባዱ የብረት ማሽን በ8,000 ዙር የሚቆም ከሆነ፣ ዲያሜትሩ 3 ሚሊሜትር በሆነ መቁረጫ አሉሚኒየም ሲቀርጽ የሚያገኘው ፍጥነት በደቂቃ 75 ሜትር ብቻ ነው። 300 ሜትር ለመድረስ 31,800 ዙር ገደማ ያስፈልገው ነበር። መቁረጫው አይጎዳም፤ ሥራው ግን ከሚገባው አራት እጥፍ ይዘገያል። ስለዚህ ጥቃቅን ጽሑፍና ማኅተም የሚቀርጽ ሰውና የብረት ሞልድ የሚቆፍር ሰው አንድ ዓይነት ማሽን ሊሸጥላቸው አይገባም።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ይጨመራል። የኤሌክትሪክ ሞተሮች ጉልበት በዓለም አቀፉ ደንብ የሚለካው ከባሕር ወለል በላይ እስከ 1,000 ሜትር ላለ ቦታ ነው። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየርም የማቀዝቀዝ ኃይሉ ደካማ ነው። ለሞተሩ ራሱ የከተማዋ ብርድ ጉድለቱን በአብዛኛው ይክሰዋል። የሞተሩን ዙር የሚቆጣጠረውን የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ግን ብዙ አምራቾች ከ1,000 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል ጉልበት እንዲቀነስለት ያዝዛሉ፤ ይህም ለአዲስ አበባ 14 በመቶ ገደማ ይሆናል። ማሽን የሚያዝ ነጋዴ የሚተከልበትን ከተማ ከፍታ በትእዛዝ ደብዳቤው ላይ ቢጽፍ፣ ኋላ ማሽኑ በሥራ መካከል እየቆመ ሲያስቸግር ከሚነሣው ሙግት ይድናል።

ለባለሱቆች ደግሞ ስለ መደርደሪያው ጥቂት ማለት ያሻል። አይ.ኤስ.ኦ. 513 የተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ መቁረጫዎችን እንደሚቆርጡት ነገር በፊደልና በቀለም ይከፍላል። «ፒ» ሰማያዊ ለአረብ ብረት፣ «ኤም» ቢጫ ለማይዝግ ብረት፣ «ኬ» ቀይ በቅርጽ ለፈሰሰ ብረት፣ «ኤን» አረንጓዴ ለአሉሚኒየምና ለመሳሰሉት ነው። ሙቀት ለሚቋቋሙ ብረቶችና ለጠነከረ ብረት የተመደቡም አሉ። ሣጥኑ ላይ ያለውን ቀለም አይቶ መሸጥ የቻለ ሻጭ ለአሉሚኒየም ሠሪ የአረብ ብረቱን አይሰጥም። የጥርሱ ብዛትም ይታይ። ለአሉሚኒየም ባለ 2 ወይም ባለ 3 ጥርስ ይመረጣል፤ ፍቅፋቂው ብዙና ተጣባቂ ስለሆነ በጥርሶቹ መካከል ሰፊ መውጫ ይሻል። ባለ 4 ጥርሱ ለብረት ነው።

ከአሜሪካ በሚመጡ ካታሎጎች የመቁረጥ ፍጥነት የሚጻፈው በጫማ ነው። አንድ ጫማ 0.3048 ሜትር ስለሆነ 328 ጫማ ማለት 100 ሜትር ነው። በካታሎጉ 330 ተጽፎ ያየ ሰው ሜትር መስሎት ቢሠራበት፣ መቁረጫውን ከሦስት እጥፍ በላይ በሆነ ፍጥነት ያሽከረክረዋል፤ በቴይለርም ሕግ መሠረት ዕድሜው ከመቶ አንድ እጅ በታች ይሆናል። ባለሱቁ ካታሎጉን ሲሰጥ መለኪያው የቱ እንደሆነ በአማርኛ ጽፎ ቢለጥፍበት ብዙ ዕቃ ያድናል።

ማሽን ለማስመጣት ከውጭ ሻጭ ጋር የሚጻጻፍ ነጋዴ ፕሮፎርማ ከመቀበሉ በፊት እነዚህን በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል፦ የዘንጉ ዝቅተኛና ከፍተኛ ዙር ስንት ነው፤ በ1,000፣ በ3,000 እና በ8,000 ዙር ላይ ሞተሩ ሳያቋርጥ የሚሰጠው ጉልበት በየብቻው ስንት ኪሎዋት ነው፤ በሥራ ላይ ያለው ከፍተኛ የጉዞ ፍጥነት ያለ ሥራ ከሚሄድበት ፍጥነት ተለይቶ ስንት ነው፤ የተሰጠው ቁጥር ለስንት ሜትር ከፍታ ነው፤ መቁረጫ መያዣው የየትኛው ደንብ ነው። የመጨረሻው ጥያቄ ከፍጥነት ሒሳቡ ውጭ ቢመስልም፣ መያዣው በአገር ውስጥ ሱቅ የማይገኝ ከሆነ አንዲት መያዣ እስክትመጣ ድረስ ማሽኑ ሳምንታት ይቆማል፤ የቆመ ማሽን ደቂቃም እንደሚሠራው ሁሉ ኪራዩን ይቆጥራል።